ሁለት መቶ ጥይት ምን ያረጋግጣል? የርካሽ ሽጉጥ ፍተሻዎች ሲፈተሹ

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይሠራል። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ቪዲዮው ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ ከ200 ዶላር በታች የሚሸጥ ሽጉጥ ይዞ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ቆሟል። ሁለት መቶ ጥይት ተኮሰ። አንድም ጊዜ አልነከሰበትም፣ አንድም ጊዜ አልከሸፈበትም። ከዚያ አምስት ጥይት ወረቀት ላይ አሳረፈ፤ ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ወጡ። ሰውዬው ወረቀቱን ወደ ካሜራው አስጠግቶ ፍርዱን ሰጠ፦ «እንከን የለሽ!»

ከቪዲዮው ሥር የአክስቴ ልጅ መልእክት ነበር። «ጋሼ፣ አንተ ስታትስቲክስ አይደል የምታስተምረው? ይሄ ሰውዬ የሚለው እውነት ነው? ቀልድ እንዳይመስልህ፣ ልገዛው ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ፍተሻዎችን እየፈለግሁ ማየት ጀመርኩ። አብዛኞቹ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው፦ አንድ ሽጉጥ፣ ሁለት መቶ ገደማ ጥይት፣ አንድ ወይም ሁለት የአምስት ጥይት ዒላማ፣ በመጨረሻም ፍርድ። ይህ ጽሑፍ ሽጉጥ ግዙ ወይም አትግዙ ለማለት አይደለም። የምንፈትሸው ፍተሻውን ራሱን ነው። ያ ሁሉ ጥይት ተተኩሶ ሲያልቅ በእውነት ምን አወቅን?

ለምን ቪዲዮ ላይ ተንጠለጠልን?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናንሳ። አሜሪካ ውስጥ የሕፃን አልጋ፣ የዳቦ መጥበሻ ወይም የመጫወቻ መኪና ችግር ቢኖርበት የሚከታተል የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ፤ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ይባላል። ኮሚሽኑን ያቋቋመው የ1972 ሕግ ግን የጦር መሣሪያን ከሥልጣኑ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ የመጫወቻ ሽጉጥ ቢበላሽ ኮሚሽኑ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሊያደርግ ይችላል፤ እውነተኛውን ሽጉጥ ግን አይመለከተውም።

ታዲያ ገንዘብ የሌለው ገዢ ማንን ይጠይቅ? ሻጩን? ሻጩ መሸጥ ነው የሚፈልገው። የቀረው ቪዲዮ ነው። ለዚህ ነው እነዚህን ፍተሻዎች እንደ ተራ መዝናኛ ማለፍ የማይገባው። ለብዙ ሰው ከመግዛቱ በፊት የሚያገኘው ብቸኛ ፍተሻ እሱ ነው።

ደግሞ እውነቱን እንናገር፦ እነዚህ ሰዎች በጎ ሥራ ሠርተዋል። የገዛ ጥይታቸውን ያቃጥላሉ፣ መሣሪያውን ፈታትተው ውስጡን ያሳያሉ፣ «ርካሽ ስለሆነ ብቻ ቆሻሻ ነው» የሚለውን ጭፍን ንቀት ተቃውመዋል። በዚህ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ፊዚክስም ከእነሱ ጋር ነው።

ርካሽነቱ ከየት መጣ?

በዚህ ዘርፍ ስሙ አብዝቶ የሚነሳውን እንውሰድ፦ ኦሃዮ ውስጥ የሚሠራውን ሃይ-ፖይንት ሲ9። 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ይተኩሳል፣ ካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል፣ ባዶውን ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል። መልኩ ግዙፍና አስቀያሚ ነው ተብሎ ይቀለድበታል። ግን ግዙፍ የሆነው በምክንያት ነው።

ሽጉጥ ሲተኮስ ጋዙ ጥይቱን ወደ ፊት፣ ቀለሁን ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋል። ቀለሁ ጋዙ ገና ሙሉ ኃይል ላይ እያለ ከቦታው ከወጣ ሊቀደድና ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። ውድ የሚባሉት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሽጉጦች ይህን የሚከላከሉት በመቆለፍ ነው። ስላይዱ፣ ማለትም ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ክፍል፣ ከአፈሙዙ ጋር ለአፍታ ተቆልፎ ይቆያል። ቁልፉ በጥንቃቄ የተቆረጠ ብረት ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ርካሹ መንገድ ቁልፉን ትቶ ክብደትን መጠቀም ነው። የኒውተን ሕግ የሚለውን አስታውሱ፦ ሁለት ነገሮች ሲገፋፉ ቀላሉ ሩቅ ይሄዳል፣ ከባዱ ትንሽ ይሄዳል፤ የሚሄዱት ርቀትም ከክብደታቸው ጋር በተገላቢጦሽ ነው። ጥይቱ 7.5 ግራም፣ ስላይዱ ግማሽ ኪሎ ነው እንበል። ጥይቱ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ተጉዞ አፈሙዙን ሲለቅ፣ ስላይዱ ወደ ኋላ የሄደው 1.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ቀለሁ ገና ከጉድጓዱ አልወጣም፤ ጋዙም ከፊት አምልጧል። በቃ፣ ክብደቱ ራሱ ቁልፍ ሆነ! ስላይዱ የግድ ከብረት ተቆርጦ መሠራትም የለበትም፤ ከቀለጠ የዚንክ ቅይጥ በቅርጽ ማውጫ ይፈስሳል። ዋጋው የወረደው እዚህ ጋ ነው።

እንግዲህ ርካሽነት ስለ አሠራሩ ይነግረናል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚነክስ አይነግረንም። እሱን ለማወቅ መተኮስና መቁጠር ያስፈልጋል። ችግሩም የሚጀምረው አቆጣጠሩ ላይ ነው።

ከእፍኝ ጤፍ ወደ ሙሉ ኩንታል

እናቶቻችን ገበያ ወርደው ጤፍ ሲገዙ ከኩንታሉ አፍ ላይ አንድ እፍኝ አይተው ብቻ አይመለሱም። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደድ ያደርጋሉ፣ ከሥር ያወጣሉ፣ በመዳፋቸው አሸት አሸት አድርገው አፈርና እንክርዳድ ይፈልጋሉ። አንድ እፍኝ ውስጥ ጠጠር ስላልተገኘ ኩንታሉ ውስጥ ጠጠር የለም ማለት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ጠጠሩ ብዙ ቢሆን ኖሮ ግን እፍኙ ውስጥ አንድ መገኘቱ አይቀርም ነበር። ስታትስቲክስ የሚያደርገው ይህንኑ ሐሳብ በቁጥር ማስቀመጥ ነው።

ሁለት መቶ ጥይት ተተኩሶ ምንም ካልተፈጠረ፣ መሣሪያው «አይነክስም» ማለት አንችልም። ማለት የምንችለው «ብዙ ጊዜ አይነክስም» ብቻ ነው። «ብዙ» ስንት ነው? ለዚህ በቃል የሚያዝ ቀላል ቀመር አለ፤ የሦስት ደንብ ይባላል። ምንም ስህተት ካልታየ፣ ሦስትን ለሙከራው ብዛት አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር በ95 በመቶ እርግጠኝነት «ከዚህ አይበልጥም» የምትሉት ጣሪያ ነው።

ሦስት ሲካፈል ለ200፣ 1.5 በመቶ ይሆናል። ማለትም ያ «እንከን የለሽ» የተባለው ሽጉጥ በየመቶው ጥይት አንድ ጊዜ የሚነክስ ሊሆን ይችላል፤ ፍተሻው ይህን አላስወገደም። ካላመናችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። በመቶ አንድ ጊዜ የሚነክስ ሽጉጥ በአንድ ጥይት የመሳካት ዕድሉ 0.99 ነው። 0.99ን ሁለት መቶ ጊዜ በራሱ አባዙት። ካልኩሌተሩ 0.134 ይላችኋል። ወደ 13 በመቶ ማለት ነው።

አሁን ሃያ ሰዎች ያንኑ ሽጉጥ ገዝተው እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ጥይት ተኮሱ እንበል። ሽጉጡ ደካማ ሆኖ ሳለ ከሃያዎቹ ሁለት ወይም ሦስቱ በዕድል ብቻ አንድም ችግር ሳያዩ ይጨርሳሉ። እነዚያ ሁለት ሦስቱ ሰዎች አልዋሹም፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። የአክስቴ ልጅ ግን ሊገዛው ቋምጦ «እንከን የለሽ» ብሎ ሲፈልግ የሚያገኘው የማንን ቪዲዮ ነው?

ታዲያ ስንት ጥይት ይበቃል? አንድ ሽጉጥ በሁለት ሺህ ጥይት ከአንድ ጊዜ በላይ አይነክስም ለማለት፣ በዚያው ደንብ ስድስት ሺህ ጥይት ያለ አንዳች ችግር መተኮስ አለበት። አንዱን ጥይት በ25 ሳንቲም ብናስበው 1,500 ዶላር ነው። የሁለት መቶ ዶላር ሽጉጥን በቅጡ ለመፈተሽ የሽጉጡን ዋጋ ሰባት እጥፍ በላይ ማውጣት! ገዢው ይህን አቅም የለውም፤ ሽጉጡን የመረጠውም ለዚሁ ነው። ከፍተሻዎቹ ስህተት ጀርባ ያለው እውነተኛ ችግር ይህ ነው፦ ርካሽ ዕቃ ለመግዛት የተገደደ ሰው፣ ዕቃውን የማጣራቱ ዋጋ ከዕቃው ይበልጥበታል።

«ይሄማ አይቆጠርም»

በቁጥር ብቻ ሲወራ ነገሩ ቀላል ይመስላል ብዬ፣ አንድ ቅዳሜ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄድን። የሥራ ባልደረባው ያንኑ የመሰለ ርካሽ ሽጉጥ ነበረው፤ እሱም አብሮን መጣ። የመሣሪያውን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም አንድ ሽጉጥ አንድ ቀን የሠራው ነገር ስለ ሞዴሉ አይመሰክርም፤ የዚህ ጽሑፍ ነጥብም ይኸው ነው። የጆሮና የዓይን መከላከያ አደረግን፣ ተራ በተራ ተኮስን፣ እኔ ደብተር ይዤ ቆጠርኩ።

ሁለተኛው ካዝና ላይ፣ የአክስቴ ልጅ ሲተኩስ፣ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ ባለሽጉጡ ሳቀ። «ይሄማ አይቆጠርም! እጁ ላልቶ ነው።» ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነከሰ። «ይሄም አይቆጠርም፣ ጥይቱ ርካሽ ነው።» ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ «አዲስ መሣሪያ እኮ መጀመሪያ መሟሸት አለበት» አለ። ቀኑ ሲያልቅ በእሱ አቆጣጠር ዜሮ፣ በእኔ ደብተር ሦስት ነበር።

ሰውዬው ያለው ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። እጅ ሲላላ እውነትም ይነክሳል፤ ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ ሞላውን በደንብ እንዲጨምቅ ሽጉጡ ከኋላው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፣ እጁ አብሮ ከሸሸ ጉልበቱ ይባክናል። ጥይትም ከጥይት ይለያል። ግን ደንቡ ከመተኮሱ በፊት መውጣት ነበረበት። ውጤቱን ካየን በኋላ «ይሄ ይቆጠር፣ ያ አይቆጠር» ካልን የለካነው ሽጉጡን ሳይሆን ምኞታችንን ነው። ቪዲዮዎቹም ውስጥ «የመጀመሪያዎቹን መቶ ጥይቶች አልቆጠርኩም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ ጆሮአችሁን አቁሙ።

ደግሞስ የእጅ ስህተት ከመሣሪያው ተለይቶ መታየት አለበት? የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ2017 ከሲግ ሳወር የመረጠውን አዲስ ሽጉጥ ታሪክ እንይ። ይሄኛው ርካሽ አይደለም፤ ፈታሾቹም ባለሙያዎች ናቸው። ጦሩ የጠየቀው በአማካይ በ2,000 ጥይት ከአንድ መስተጓጎል እንዳይበልጥ ነው፤ ይህም ወታደሩ 96 ጥይት ያለ ችግር ተኩሶ የመጨረስ ዕድሉን 95 በመቶ ያደርገዋል። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የፍተሻ ክፍል በዚያው ዓመት ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው፣ በተራ ጥይት የትልቁ ሞዴል ውጤት በ343 ጥይት አንድ፣ የትንሹ ደግሞ በ197 ጥይት አንድ ሆነ። ከተቆጠሩት መስተጓጎሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ስላይዱ ተከፍቶ አለመቆሙ ነበር። ለዚህ የተጠቀሰው ምክንያት የተኳሾቹ አያያዝ ነው፦ በቀድሞው ሽጉጥ የለመደው አውራ ጣታቸው የስላይዱ ማቆሚያ ላይ ያርፍ ነበር።

ልብ በሉ፦ ፈታሾቹ «የወታደሩ ጣት ነው፣ አይቆጠርም» አላሉም። ቆጠሩት፣ ምክንያቱን ጻፉ፣ ያለ እሱ ውጤቱ ስንት እንደሚሆንም ለብቻው አስቀመጡ። ሰው የሚይዘው መሣሪያ ከነሰውየው ነው የሚፈተሸው። ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። ያ በ343 ጥይት አንዴ የሚስተጓጎል ሽጉጥ የዩቲዩብ የሁለት መቶ ጥይት ፍተሻ ቢደረግበት፣ ምንም ሳያሳይ የማለፍ ዕድሉ 56 በመቶ ገደማ ነው። ከግማሽ በላይ! ጦሩ ያየውን ችግር ጢማሙ ሰውዬ ላያየው ይችል ነበር፤ ቪዲዮውም «እንከን የለሽ!» ብሎ ያልቅ ነበር።

የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በዚያ ግዛት አንድ የሽጉጥ ሞዴል እንዲሸጥ ሦስት ናሙናዎቹ ይፈተሻሉ። እያንዳንዳቸው 600 ጥይት ይተኩሳሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 20 ጥይቶች አንድም ችግር አይፈቀድም፣ በጠቅላላው ከስድስት መብለጥ የለበትም። ስድስት ከስድስት መቶ አንድ በመቶ ነውና መስፈርቱ ከጦሩ በሃያ እጥፍ ይላላል። ሆኖም ሁለት ጥሩ ነገሮች አሉት፦ የሚቆጠረው ነገር አስቀድሞ ተጽፏል፤ የሚፈተሸውም አንድ ሽጉጥ አይደለም። አንድ ሽጉጥ ላይ አሥር ሺህ ጥይት ብትተኩሱ ስለዚያ አንድ ሽጉጥ ብዙ ታውቃላችሁ። የአክስቴ ልጅ የሚገዛው ግን ሌላኛውን ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስህተት ነው?

ወደ ዒላማው እንለፍ። እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ነገሮች አሉ። አንዱ ጥይቶቹ እርስ በርስ ምን ያህል ይጠጋጋሉ የሚለው ነው፤ ሌላው ደግሞ የተጠጋጉት መሃሉ ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን የሚለው ነው። ጥይቶቹ ተጠጋግተው ወደ ግራ ከወጡ ማነጣጠሪያው ይስተካከላል። መበታተንን ግን ማነጣጠሪያ አያስተካክለውም። ስለዚህ ፈታሾች የሚለኩት መጠጋጋቱን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በጣም የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ያለውን ርቀት።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የተበታተነው ማን ነው፣ ሽጉጡ ወይስ ተኳሹ? ሁለቱም የየራሳቸውን ስህተት ያዋጣሉ፤ ግን የሚደመሩት እንደ ብር አይደለም። እርስ በርስ የማይገናኙ ስህተቶች የሚደመሩት በፓይታጎረስ ደንብ ነው፣ ልክ እንደ ማዕዘናዊ ሦስት ጎን። የእጃችሁ ስህተት 12 ሴንቲ ሜትር፣ የሽጉጡ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወረቀቱ ላይ የምታዩት 17 ሳይሆን 13 ነው፤ 144 ሲደመር 25፣ 169፤ ሥሩ 13። አሁን ርካሹን ጥላችሁ ሁለት እጥፍ የተሻለ ውድ ሽጉጥ ገዛችሁ እንበል፤ የሽጉጡ ስህተት ወደ 2.5 ወረደ። ወረቀቱ ላይ ያለውስ? 12.3 ገደማ። ብዙ መቶ ዶላር አውጥታችሁ ያሻሻላችሁት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው! በእጅ ተይዞ የተተኮሰ ዒላማ በአብዛኛው የሚያሳየው የተኳሹን ፎቶ ነው፤ ሽጉጡ ከኋላ ቆሞ በትንሹ ይታያል።

ይህን በራሴ አየሁት። ባለሽጉጡ እኔ ሳላይ ካዝናው ውስጥ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መሃል አንድ ማስመሰያ ጨመረበት። ቃታውን ስስብ አልተኮሰም፤ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ደፋ አለ። ርግጫውን ፈርቼ፣ ሳይመጣ በፊት እየገፋሁት ነበር ማለት ነው። ጥይት ቢኖርበት ኖሮ ዒላማው ሥር ያለ ቀዳዳ «የርካሹ ሽጉጥ ስህተት» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ፈታሾች ሽጉጡን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው ወይም በብረት ማሰሪያ ጠፍረው የሚተኩሱት።

ሁለተኛው ጥያቄ የአምስት ጥይቷ ነገር ነው። የእኔ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀዳዳዎች በሲኒ ማስቀመጫ ይሸፈኑ ነበር። የአክስቴ ልጅ አጨበጨበ። ቀጣዮቹ አምስት ግን የወጥ ሰሃንም አይሸፍናቸው። ሽጉጡ ያው፣ ጥይቱ ያው፣ እኔም ያው! የትኛው ነው እውነተኛው? ሁለቱም፤ ለየብቻቸው ግን አንዳቸውም አይደሉም። የአምስት ጥይት ስፋት ከተራ ወደ ተራ ከሩብ በላይ ከፍና ዝቅ ማለቱ ተፈጥሮው ነው። በአማካይ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰበስብ ሽጉጥ አንዴ 7፣ አንዴ 13 ቢያሳይ ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ «ይሄኛው 7 ሴንቲ ሜትር፣ ያኛው 10፤ አሸናፊው ይሄኛው» የሚል ንጽጽር ሳንቲም ወርውሮ ከመፍረድ ብዙም አይርቅም። ሦስት ጥይት ብቻ የሚተኩሱ ደግሞ ራሳቸውን እያሳመሩ ነው፤ ያው ሽጉጥ በአሥር ጥይት ሲለካ ስፋቱ ከሦስት ጥይቱ በአማካይ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ጥይት በጨመረ ቁጥር ራቅ ብሎ የሚያርፍ አንድ አይጠፋም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከምርጡ ወረቀት ይልቅ ሁሉንም ወረቀት አሳዩ። ከሁለቱ ሩቅ ቀዳዳዎች ይልቅ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ከመሃል ያለውን ርቀት ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ እንዲህ ሲሆን አምስቱም ጥይቶች ይናገራሉ፣ ሁለቱ ብቻ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ሴንቲ ሜትሯ ለማን እንደምትጠቅም መጠየቅ አለብን። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 ስለ ኒውዮርክ ፖሊስ ባወጣው ጥናት፣ ፖሊሶች ከተኩስ ልውውጥ ውስጥ ሲገቡ ከተኮሱት ዒላማውን ያገኘው 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የሠለጠኑ ሰዎች፣ በጥሩ ሽጉጥ። በፍርሃት ሰዓት የሚስተው ሽጉጡ አይደለም።

ቪዲዮው የማይጠይቀው

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የተለካው ሳይሆን ያልተለካው ነው። ሽጉጥ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል፦ መተኮስ ሲገባው አለመተኮስ፣ እና መተኮስ ሳይገባው መተኮስ። ቪዲዮዎቹ ሁለት መቶ ጥይት የሚጨርሱት የመጀመሪያውን ፍለጋ ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ፍተሻ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

በ1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በርካሽ ሽጉጥ ተመትቶ ሽባ ሆነ። ማንም ሊተኩስ አላሰበም፤ ሰው ጥይቱን ሊያወጣ እየሞከረ ነበር። የዚያ ሞዴል አሠራር ግን ጥይት ለማውጣት መጀመሪያ የደኅንነት ቁልፉን ወደ መተኮሻው ማዞር ግድ የሚል ነበር። አስቡት፦ መሣሪያውን አደጋ አልባ ለማድረግ መጀመሪያ አደገኛ ማድረግ! በ2003 ዳኞቹ ከኃላፊነቱ የተወሰነውን በአምራቹ ላይ ጣሉት፤ ኩባንያውም ኪሳራ አወጀ። ያ ሽጉጥ ወረቀት ላይ አምስት ቆንጆ ቀዳዳ ሊያወጣ ይችል እንደነበር አትጠራጠሩ።

የካሊፎርኒያው ሕግ ይህን ሁለተኛ ጥያቄም ይጠይቃል፦ ሽጉጡ ከአንድ ሜትር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ በተለያየ አቅጣጫ ተደርጎ፣ ኮንክሪት ላይ ይጣላል። መተኮስ የለበትም። ይህን ማንም ቤቱ ውስጥ መሞከር የለበትም፤ የላብራቶሪ ሥራ ነው። ግን አንድ ቪዲዮ ሠሪ ቢያንስ «ይህን አልፈተሽኩም» ማለት ይችላል። «አልፈተሽኩም» የምትለዋ ቃል «እንከን የለሽ» ከምትለው ይልቅ ገዢን ትጠቅማለች።

ከነዳጅ ማደያው የመጣ ሌላ መልእክት

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው ሰለቸው መሰለኝ፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ ዝም አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እንደ ልማዱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሌላ ቪዲዮ ላከ። አንዲት ሴት ናት። ሙዚቃ የለም፣ «እንከን የለሽ» የለም። ገና ሳትጀምር ምን እንደምትቆጥር ተናገረች። አራት ዓይነት ጥይት፣ ሦስት ካዝና፣ አንድ ሺህ ተኩስ፤ ሁሉንም ሠንጠረዥ ላይ ጻፈች። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፦ ሦስት ጊዜ ነክሷል፣ ሦስቱም በአንድ ካዝና ነው፣ ካዝናውን ቀይሬ እንደገና አየዋለሁ።

«ያየሁት ሁሉ ዜሮ ነበር፣ ይሄኛው ሦስት ጊዜ ነከሰ» ብሎ ጻፈልኝ። «በቃ ይሄኛውስ መጥፎ ነው ማለት ነው?»

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት። ከአንድ ሺህ ሦስት ጊዜ የነከሰ መሣሪያ፣ በዚያው 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ጣሪያው 0.8 በመቶ ገደማ ነው። ከሁለት መቶ ዜሮ ያሳየው ጣሪያው 1.5 በመቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ሲነክስ በዓይናችን ያየነው ሽጉጥ፣ አንዴም ሲነክስ ካላየነው ይልቅ በእርግጠኝነት የምናውቀው ሆነ።

«ሽጉጡን አላውቅም» ብዬ መለስኩለት። «ፍተሻው ግን እስካሁን ከላክህልኝ ሁሉ ይሄኛው ይሻላል።»